በወገብ የሚታየውና ከጃኬት ሥር ያለው ሽጉጥ፦ ዋልማርት በ2019 የወሰነው

ኦገስት 8 ቀን 2019 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ጥይት መከላከያ ለብሶ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ ከመቶ በላይ ጥይት ይዞ ግዙፉ የችርቻሮ ድርጅት ዋልማርት ካሉት መደብሮች ወደ አንዱ ገባ። የዕቃ ጋሪ እየገፋ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል። ማንንም አላስፈራራም፣ አልተናገረም። ማኔጀሩ ግን የእሳት አደጋ ደወሉን አስጮኸ፤ ገበያተኛው ጋሪውን እየጣለ ወጣ። ወጣቱም ሲወጣ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደብቆ የያዘውን ሽጉጥ አውጥቶ ደገነበትና ፖሊስ እስኪደርስ አቆመው። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ወጣቱ ሲጠየቅ፣ ዋልማርት የጦር መሣሪያ የመያዝ መብቱን ያከብርለት እንደሆነ ለመፈተን መግባቱን ተናገረ።

በዚያ መደብር በር ላይ ሁለት ዓይነት ታጣቂ ተገናኝቷል፤ አንዱ መሣሪያውን ለሁሉም አሳይቶ የገባ፣ ሌላው ማንም ሳያውቅበት ታጥቆ የቆየ። ዋልማርት ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያውን «እባክህ ተው» ብሎ ሁለተኛውን እንዳለ ተወው። ብዙ ሰው ውሳኔውን «ዋልማርት ሽጉጥ ከለከለ» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። የተከለከለው ግን ሽጉጡ አይደለም፤ መታየቱ ነው። ይህ ልዩነት እዚህ አገር ካውንተር ጀርባ ለሚቆመው ወገናችን የዕለት ጉዳይ ስለሆነ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የስፕሪንግፊልዱ ገበያተኛ እንዲያ የሸሸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአምስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ኦገስት 3፣ ቴክሳስ ኤል ፓሶ ውስጥ በሲዬሎ ቪስታ ዋልማርት አንድ የ21 ዓመት ወጣት በክላሽ ዓይነት ጠመንጃ ተኩስ ከፍቶ ነበር። ትምህርት ሊከፈት የተቃረበበት ሰሞን ስለነበር መደብሩ ለልጆቻቸው ደብተርና ቦርሳ በሚገዙ ወላጆች ተጨናንቋል። ድንበሩ ቅርብ ነውና ከሜክሲኮ ተሻግረው የመጡም ነበሩ፤ ከሟቾቹ ስምንቱ የሜክሲኮ ዜጎች ናቸው። መጀመሪያ 22 ሰው ሞተ ተባለ፤ ለወራት ሆስፒታል የቆየ አንድ ቁስለኛ በ2020 ሲያርፍ ቁጥሩ 23 ሆነ። ገዳዩ የመጣው ከዳላስ በስተሰሜን ካለችው ከአለን ከተማ ነው። የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን ሊገድል አሥር ሰዓት ያህል መኪና ነድቷል። እኔ የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው። ሱቅ የከፈተ፣ ዋልማርት የሚሠራ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት የሚያድር ዘመድ የሌለው ሐበሻ እዚህ ብዙም አይገኝም። ያን ቅዳሜ ማታ ስልካችን አላረፈም።

ከኤል ፓሶ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 30፣ ሚሲሲፒ ሳውዝሄቨን ውስጥ ከሥራ የታገደ የዋልማርት ሠራተኛ ሁለት ባልደረቦቹን ገድሏል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት መደብር ማለት ነው። ኦገስት 31 ደግሞ እዚያው ቴክሳስ፣ ሚድላንድና ኦዴሳ መንገድ ላይ፣ ሌላ ታጣቂ ሰባት ሰው ገደለ።

ማክሰኞ ሴፕቴምበር 3 የዋልማርት የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዳግ ማክሚለን ለሠራተኞቹ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው አብዛኛው ክፍል ስለ ሽያጭ ነው። ለአጭር አፈሙዝ ጠመንጃ የሚሆነው 223ና 5.56 ጥይት ያለው ክምችት ሲያልቅ አይሸጥም። የሽጉጥ ጥይትም እንዲሁ። ሽጉጥ ራሱ ከአላስካ በቀር ከ1993 ጀምሮ ቀርቶ ነበር፤ አሁን አላስካም ቀረ። ከጥይት ገበያው 20 በመቶ ያህሉን የያዘው ድርጅት ድርሻው ከ6 እስከ 9 በመቶ ወዳለው እንደሚወርድ ገመተ። የአዳኞች ጠመንጃና ጥይት ግን ቀጠለ። ይህ የንግድ ድርጅት በገዛ መደርደሪያው ላይ የወሰነው ነውና ለማስፈጸም አይቸገርም፤ መጋዘኑን መቆለፍ ይበቃል።

የሚከብደው የቀረው አንቀጽ ነው። መሣሪያ በግልጽ መታጠቅ በሚፈቀድባቸው ግዛቶች ያሉ ደንበኞች፣ የሕግ አስከባሪ ካልሆኑ በቀር፣ ወደ ዋልማርትም ሆነ የእሱው ወደ ሆነው የአባላት መደብር ሳምስ ክለብ ታጥቀው እንዳይገቡ «በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ፈቃድ ኖሮት ደብቆ የሚይዘውን በሚመለከት ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ምክንያቱንም ያስረዳል፦ ከኤል ፓሶ በኋላ የመደብሩን ምላሽ ለመፈተን ሆን ብለው ታጥቀው የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ክፉ ሐሳብ ሳይኖራቸው ሕጉን ጠብቀው የገቡ፣ ነገር ግን ሰው አይቷቸው መደብር ያስለቀቁና ፖሊስ ያስጠሩም ነበሩ። አንዱ የሌላውን ሁኔታ በስሕተት ተርጉሞ ደም እንዳይፈስ ሰግተናል የሚል ነው።

«እንጠይቃለን» የሚለው ቃል በአጋጣሚ የገባ አይደለም። የቡና ቤቶቹ ድርጅት ስታርባክስ በሴፕቴምበር 2013፣ የመደብሮቹ ድርጅት ታርጌት በጁላይ 2014 ደንበኞቻቸውን መሣሪያ ይዛችሁ አትምጡ ሲሉ የተጠቀሙት ይህንኑ ልመና ነበር። በዚያን ጊዜ ቴክሳስ ውስጥ ጠመንጃ አንግተው በቡድን ምግብ ቤትና መደብር የሚገቡ ሰልፈኞች ተበራክተው ነበር። የስታርባክስ የያኔው አለቃ ሃዋርድ ሹልትስ ለምን እንደማይከለክል በግልጽ ተናግሯል፦ ክልከላ ብናወጣ የታጠቀ ደንበኛ ፊት ቆሞ «ውጣ» የሚለው ሠራተኛችን ነው። በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። ዋና መሥሪያ ቤት የሚጽፈውን ደብዳቤ በር ላይ የሚያስፈጽመው በሰዓት የሚከፈለው ሰው ነው።

ከሥር የመጣ ግፊትም ነበር። ኦገስት 7 በካሊፎርኒያ፣ በኦሪገንና በኒው ዮርክ የሚገኙ የዋልማርት የኢንተርኔት ሽያጭ ሠራተኞች፣ ድርጅቱ መሣሪያ መሸጥ ያቁም ብለው ሥራ አቋርጠው ወጥተዋል። በሌላ ወገን ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር፣ በአጭሩ ኤን አር ኤ፣ ዋልማርት ለፀረ መሣሪያ ልሂቃን ተንበረከከ፣ ደንበኞቹ ወደ ሌላ መደብር ይሄዳሉ ብሎ አወገዘ። ሆኖም በዚያው ቀን ክሮገር የተባለው የምግብ መደብር ድርጅት ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረበ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሲቪኤስ፣ ዎልግሪንስና ዌግማንስ የተባሉት የመደብር ድርጅቶች ተከተሉ። አብዛኞቹ የነኩት በግልጽ መታጠቅን ነው።

ታዲያ የተደበቀውን ለምን ተዉት? የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፤ አይታይም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። እኛ ባንክ ስንገባ፣ ሲኒማ ስንገባ፣ የገበያ ማዕከል ስንገባ እጃችንን ዘርግተን እንፈተሻለን፤ «መሣሪያ የያዘ» ሲባል ኪሱን ነክቶ የሚያረጋግጥ ጥበቃ በር ላይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ዋልማርት በር ላይ የሚቆመው ሰው ሰላምታ የሚሰጥ፣ ሲወጡ ደረሰኝ የሚያይ ነው። ፍተሻ የለም፣ ብረት ጠቋሚም የለም። ድርጅቱ በአገሪቱ ከአራት ሺህ በላይ መደብር አለው፤ ደንበኛውን ሁሉ ልፈትሽ ቢል ሰልፉ መኪና ማቆሚያውን ይሞላል፤ ደንበኛውም ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሊያረጋግጡት የማይችሉትን ነገር መከልከል የሚጠቅመው ለሚታዘዝ ሰው ብቻ ነው፤ የሚታዘዘው ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚያሰጋው አይደለም ይላሉ ተከራካሪዎቹ።

በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። ግን የተደበቀ መሣሪያ ማንንም አያውክም የሚለው ድምዳሜ ከዋልማርት ከራሱ ታሪክ ጋር አይገጥምም።

ዲሴምበር 30 ቀን 2014፣ አይዳሆ ግዛት ሃይደን ከተማ። አንዲት ወጣት እናት የሁለት ዓመት ልጇንና ሦስት የዘመድ ልጆችን ይዛ ለገና በተሰጣት የስጦታ ካርድ ልትገዛ ዋልማርት ገባች። ፈቃድ ያላት ናት። ሽጉጧ ያለው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ባለ ዚፕ የቦርሳ ኪስ ውስጥ ነው፤ ቦርሳውም የገና ስጦታ ነበር። ሕፃኑ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ቦርሳውን ሲነካካ ዚፑን ከፈተና ቃታውን ሳበ። እናቲቱ እዚያው ሞተች። ሕግ አልጣሰችም፤ ማንም አላያትም፤ ማንም አልፈራትም። ጋሪ ላይ ልጅ አስቀምጦ ቦርሳውን አጠገቡ ያላደረገ ወላጅ ማን ነው?

በዚያው ዓመት ጁን 8 ላስ ቬጋስ ላይ ባልና ሚስት ምሳ የሚበሉ ሁለት ፖሊሶችን ገድለው አጠገብ ወዳለ ዋልማርት ገቡ። ባልየው ወደ ጣሪያው ሲተኩስ፣ ደብቆ የታጠቀ አንድ ደንበኛ ሸሽቶ ማምለጥ ሲችል ሊያስቆመው ተጠጋ። ሴቲቱ አብራ መሆኗን አላወቀም። በአጠገቧ አልፎ ሲሄድ ከኋላ ገደለችው። ጀግና ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ያየው ግን ግማሹን ብቻ ነበር።

ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ኮሎራዶ ቶርንተን ውስጥ አንድ ሰው ዋልማርት ገብቶ ሦስት ሰው ገድሎ ወጣ። ተኩሱ ሲሰማ መደብሩ ውስጥ የነበሩ በርካታ ደንበኞች ሽጉጣቸውን አወጡ። ፖሊስ የካሜራውን ምስል ሲያይ ገዳዩ የትኛው ነው? አንድ የታጠቀ ሰው ያዩና በየመተላለፊያው ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ደንበኛ ሆኖ ይገኛል። ተመልሰው ሌላውን ይጀምራሉ። የፖሊሱ ቃል አቀባይ ይህ ነገር ተጠርጣሪውን መለየት እንዳዘገየው በግልጽ ተናገረ፤ ማንነቱን ለማወቅ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ማክሚለን የፈራው የስሕተት ትርጉም እዚህ ያለ ጥርጥር ደርሷል፤ የደረሰው ግን ደብዳቤው ባልነካው በተደበቀው መሣሪያ ነው።

አንድ ሌላ ታሪክ መዝለል አልችልም። ኦገስት 5 ቀን 2014 ኦሃዮ ቢቨርክሪክ ውስጥ አንድ የ22 ዓመት ጥቁር ወጣት ዋልማርት ውስጥ ካርቶኑ የተከፈተ የአየር ጠመንጃ ከመደርደሪያ አንሥቶ፣ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ፣ በመተላለፊያው ይዘዋወር ነበር። አንድ ደንበኛ ሰው ላይ እየደገነ ነው ብሎ ወደ አስቸኳይ ጊዜ ስልክ 911 ደወለ። ፖሊስ ደርሶ ወዲያው ተኩሶ ገደለው። በድንጋጤው ውስጥ አንዲት ደንበኛም ልቧ ቆሞ አረፈች። ኦሃዮ እውነተኛ ጠመንጃ እንኳ በግልጽ መያዝ የሚፈቀድባት ግዛት ናት። ወጣቱ የያዘው መደብሩ ራሱ የሚሸጠውን ዕቃ ነበር። የስፕሪንግፊልዱ ወጣት ጥይት መከላከያ ለብሶ፣ እውነተኛ ጠመንጃ አንግቶ ገብቶ በሕይወት ወጥቷል። በግልጽ መታጠቅ መብት ነው ሲባል መብቱ የማን እንደሆነ እኛም፣ ልጆቻችንም ማወቅ አለብን። መሣሪያን የሚተረጉመው የሚያየው ዓይን ነውና ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው እጅ ላይ ሲሆን ትርጉሙ በሰኮንድ ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ የዋልማርትን ጥያቄ እደግፋለሁ።

አሁን ወደ ቴክሳስ ሕግ ልምጣ፤ ምልክት የመለጠፍ ነገር እዚህ የራሱ ጥበብ አለው። ታሪኩ የሚነሣው ከሌላ እልቂት ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1991 ኪሊን ከተማ በሚገኘው ሉቢስ ካፌቴሪያ አንድ ሰው ፒክ አፕ መኪናውን በመስኮት ጥሶ አስገብቶ 23 ሰው ገደለ። ሱዛና ሃፕ የምትባል ሴት ከእናትና ከአባቷ ጋር እዚያ ምሳ ላይ ነበረች። ሽጉጥ አላት፤ ነገር ግን ሕጉ ይዞ መግባት ስለሚከለክል መኪናዋ ውስጥ ትታዋለች። እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄዶ ባዶ አገኘው። እሷ በመስኮት አመለጠች፤ ወላጆቿ ሁለቱም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በየምክር ቤቱ እየተገኘች መሰከረች፣ ኋላም የቴክሳስ ምክር ቤት አባል ሆነች። ገዥው ጆርጅ ቡሽ በ1995 በፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረመ። የዚህችን ሴት ምስክርነት ሰምቶ «መሣሪያ ምን ያደርጋል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። እኔም አላልፈውም። ሉቢስና ኤል ፓሶ እኩል 23 ሰው ቀብረዋል፤ አንደኛው ሕጉን ለማላላት ምክንያት ሆነ፣ ሁለተኛው የመደብርን በር ለማጥበቅ።

ሕጉ ለባለ ፈቃዱ መንገድ ከከፈተ በኋላ፣ በ1997፣ ለባለ ሱቁም አንድ በር ተተወለት፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 30.06። ሽጉጥ ደብቆ የያዘ ባለ ፈቃድ እንዳይገባ የሚፈልግ ባለ ንብረት በር ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። የተቀደደ ካርቶን ላይ «ሽጉጥ ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በቀይ መስመር የተሠረዘ የሽጉጥ ሥዕልም ባለ ፈቃዱን አያስርም። ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መጻፍ አለበት። እያንዳንዱ ፊደል ቢያንስ አንድ ኢንች ቁመት ሊኖረው፣ ቀለሙም ከጀርባው ጋር የሚለይ ሊሆን ይገባል። ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ሽጉጥ በግልጽ መታጠቅ ሲፈቀድ 30.07 የሚባል ወንድሙ መጣ፤ ይኸኛው በየመግቢያው መለጠፍ አለበት። በ2021 ደግሞ ያለ ፈቃድም መያዝ ተፈቀደና ፈቃድ ለሌላቸው ሦስተኛ ማስታወቂያ፣ 30.05፣ ተጨመረ። ሦስቱንም የለጠፈ ትንሽ ሱቅ የመስተዋት በሩ በፊደል ይሸፈናል። ማስታወቂያውን አልፎ የገባ ባለ ፈቃድ ቅጣቱ እስከ 200 ዶላር ነው። በቃል «ውጣ» ተብሎ እምቢ ካለ ግን እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 4,000 ዶላር ይደርሳል።

ስለዚህ በቴክሳስ ከባዱን ቅጣት የሚያስከትለው ማስታወቂያው አይደለም፤ የሰው ድምፅ ነው። ባለ ሱቁ፣ ማኔጀሩ፣ ወይም ሌሊት ብቻውን ያለው ካሸር አፉን ከፍቶ መናገር አለበት። ዋልማርት ይህን በ2016 ቀምሶታል። በግልጽ መታጠቅ ገና ሲፈቀድ፣ አልኮል በሚሸጡ የቴክሳስ መደብሮቹ ማኔጀሩ የታጠቀውን ደንበኛ ቀርቦ ፈቃድህን አሳየኝ እንዲል መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ የመጠጥ ፈቃዱ እንዳይነካ። በ2019 ጥያቄውን ሲያቀርብ አፈጻጸሙ ከግጭት የራቀ እንደሚሆን አስታወቀ። ለሠራተኛው ደኅንነት ትክክል ነው። ነገር ግን ግጭት አንፈጥርም ሲባል የማይሰማው ሰው ይገባል ማለትም ነው።

የአጎቴ ልጅ (ጋሼ ነው የምለው) እና ባለቤቱ ከዳላስ ወጣ ብሎ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ቅዳሜና እሑድ አንዳንዴ አግዛቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚመጣ አንድ ደንበኛ አለ፤ ሽምግል ያለ፣ ባርኔጣ የማይለየው፣ በቀኝ ወገቡ ሽጉጥ የታጠቀ። ቡናና የሎተሪ ቲኬት ይገዛል፣ «ተባረኩ» ብሎ ይወጣል። ለሦስት ዓመት አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረም። አንድ ቀን ግን ልጇን ይዛ የገባች ሴት አየችውና ያነሣችውን ወተት ካውንተሩ ላይ ትታ ወጣች። ጋሼ ያን ዕለት ማታ ማስታወቂያ ማሠራት አለብን አለ።

እሑድ ቡና ላይ ነገሩ ተነሣ። «የሚታየውን እንከልክል፤ ዋልማርትም ያደረገው እሱን ነው» አለ። ባለቤቱ ሌሊቱን የምትሠራው እሷ ናት። ስኒዋን አስቀመጠችና «የሚታየውንማ አየዋለሁ» አለች። «እጁን አያለሁ፣ ዓይኑን አያለሁ፣ የት እንደምቆም አውቃለሁ። የሌሊት እንቅልፌን የሚወስደው ባለ ኮፍያ ሹራብ ለብሶ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚገባው ነው። ለእሱ ምን ልትለጥፍለት ነው?» ጋሼ ዝም አለ። እኔም አብሬ ዝም አልኩ።

የድርጅቱ ስሌት ከእሷ ስሌት ጋር ተቃራኒ ነው። ዋልማርት የሚቆጥረው የሸሸውን ደንበኛ፣ የተለቀቀውን መደብር፣ የተጠራውን ፖሊስ ነው፤ እነዚህን የሚያመጣው የሚታየው መሣሪያ ነው። እሷ የምትቆጥረው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት የሚሰማውን ደወል ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚፈሩት ነገር ግን አንድ አይደለም። በውሳኔው ላይ የተጻፉ ብዙ አስተያየቶች የተሳሳቱት እዚህ ይመስለኛል፤ የደንበኛን ድንጋጤ መቀነስንና የሠራተኛን ሕይወት መጠበቅን እንደ አንድ ነገር አይተው፣ አንዱ ሲደረግ ሌላውም የተደረገ መሰላቸው።

የተደበቀው እንዲከለከል የማይፈልጉ ሰዎች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ጁላይ 17 ቀን 2022 ኢንዲያና ግሪንውድ ከተማ የገበያ ማዕከል ውስጥ አንድ ታጣቂ ምግብ አዳራሹ ላይ ተኩስ ከፍቶ ሦስት ሰው ገደለ። ከሴት ጓደኛው ጋር የነበረ የ22 ዓመት ወጣት ደብቆ የያዘውን ሽጉጥ አውጥቶ በ15 ሰኮንድ ውስጥ ጣለው። ከተኮሳቸው አሥር ጥይቶች ስምንቱ አግኝተውታል። የገበያ ማዕከሉ ደንብ መሣሪያ ይዞ መግባትን ይከለክል ነበር። ወጣቱ ደንቡን ቢያከብር ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ስንት ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ በቅንነት የማይቀበል ሰው ስለ ክልከላ ባይናገር ይሻላል። እኔ የምመልሰው ይህን ነው፦ ግሪንውድ ሆነ፣ ላስ ቬጋስም ሆነ፣ ቶርንተንም ሆነ፣ ሃይደንም ሆነ። አራቱም ደብቀው የያዙ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ባለ መደብር ከአራቱ የትኛው ነገ በሩ ላይ እንደሚደርስበት አያውቅም፤ የሚወስነው ግን ለአራቱም አንድ ጊዜ ነው።

ደብዳቤው ያላስቀረው ነገርም አለ። ኖቬምበር 22 ቀን 2022 ቨርጂኒያ ቼሳፒክ ውስጥ የዋልማርት የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ የነበረ ሰው ዕረፍት ክፍል ውስጥ ስድስት ባልደረቦቹን ገደለ። ሽጉጡን የገዛው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። የሠራተኛ መግቢያ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ለእንዲህ ያለው ሰው ወረቀት ነው። በሳውዝሄቨንና በቼሳፒክ የሞቱት የዋልማርት ሠራተኞች የተገደሉት በደንበኛ ሳይሆን አብሯቸው ይሠራ በነበረ ሰው መሆኑን ደንበኛ ላይ ያተኮረው ክርክር ይረሳዋል።

ሕጉም ገና እየተገፋ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 ከቤት ውጭ መሣሪያ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ ኒው ዮርክና ሃዋይ ነገሩን ገለበጡት፦ ባለ ሱቁ «ይግባ» ብሎ ካልፈቀደ በቀር ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሱቅም ቢሆን ክልክል ነው አሉ። በቴክሳስ የባለ ሱቁ ዝምታ «እሺ» ማለት ነው፤ በእነዚህ ግዛቶች ሕግ ዝምታው «እምቢ» ሆነ። የኒው ዮርኩን ፍርድ ቤት አገደው፤ የሃዋዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊሰማው በኦክቶበር 2025 ተቀበለ። ለትንሽ ባለ ሱቅ የዚህ ልዩነት ግዙፍ ነው። ዝምታው «እምቢ» ከሆነ፣ የሠፈሩን ደንበኛ ፊት ለፊት አስቀይሞ የሚለጥፈው ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ሕጉ ይናገርለታል። እኔ ብጠየቅ ይህኛውን እመርጣለሁ። ሌሊት ብቻዋን የቆመች ሴት ሕጉን በአፏ ማስፈጸም የለባትም።

ጋሼ በመጨረሻ ሁለቱንም ማስታወቂያ አሠራ፤ 30.06ንም 30.07ንም። ፊደሎቹን በማስመሪያ ለክተን አንድ ኢንች መሆናቸውን አየን። የሚታየውን የሚከለክለውን በሩ ላይ ለጠፍነው። በማግስቱ ሽማግሌው መጣ፣ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሲገባ ወገቡ ባዶ ነበር። ቡናውን ከፍሎ፣ «ተባረኩ» ብሎ ወጣ።

ሁለተኛው አልተለጠፈም። ጋሼ አንድ ሳምንት በእጁ ይዞት ዞረ። «ብለጥፈው ጨዋው መኪና ውስጥ ትቶት ይገባል፤ ያኛው ይዞት ይገባል» ይላል። ባለቤቱ ለጥፈው ትላለች፤ ቢያንስ ውጣ ስትል የምታሳየው ነገር ይኖራታል። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ ነግሬዋለሁ። እስካሁን ጥቅል እንደሆነ ከካውንተሩ ሥር፣ ከሎተሪ ወረቀቶቹ ጎን ቆሟል።